ሳይቃጠል በቅጠል፤ የበዓል መብራት ደንብና የነጋዴው ኃላፊነት

የበዓል ሰሞን በተቃረበ ቁጥር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ የሚወጣው የጭነት መኪና ከዘይቱ፣ ከዱቄቱና ከልብሱ ጋር የጌጥ መብራት መጫን ከጀመረ ሰንብቷል። ይኸውም በቀጭን ሽቦ ላይ የተሰካኩ፣ ቀይና አረንጓዴ፣ ቢጫና ሰማያዊ እየሆኑ ብልጭ ድርግም የሚሉት ትንንሽ አምፖሎች ናቸው። ዕቃው በአንድ በኩል ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ከጣርማ በር ታጥፎ፣ በሞላሌ አድርጎ መሐል ሜዳ ይደርሳል፤ በሌላውም በኩል ከሙከ ጡሪ በለሚና በጀማ ሸለቆ ተሻግሮ ዓለም ከተማ ይገባል።

ይህ መብራት ሲበራ ለዓይን ደስ የሚያሰኝ፣ ለልጆችም ተድላ የሚሆን ነው። ነገር ግን የሣር ክዳን ባለበት መንደር፣ አንድ ቆጣሪ ለብዙ ቤት በሚያገለግልበት ግቢ፣ የእህል ክምር ከጓሮ በቆመበት ወራት ሲዘረጋ፣ ከጌጥነቱ በፊት እሳትነቱ ሊታሰብ የሚገባው ዕቃ ነው። ገዢው ዕቃውን ሲያነሣ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው፤ ሻጩም አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። በመካከሉ ሊነገር የሚገባው ነገር ሳይነገር ይቀራል።

የመኖሪያ ቤትን የበዓል መብራት የሚመለከተው ደንብ በአንድ ስፍራ ተጠቃልሎ የሚገኝ አይደለም። ከፊሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከፊሉ በልዩ ልዩ አዋጆች፣ ከፊሉ በየበዓሉ ዋዜማ በሚነገሩ ማስታወቂያዎች፣ ከፊሉም በአገር ልማድ ውስጥ ተበታትኖ ይኖራል። ስለዚህ ይህን ዕቃ የሚያስመጣም ሆነ በችርቻሮ የሚሸጥ ነጋዴ የተበታተነውን ሰብስቦ ቢያውቀው ገንዘቡንም ስሙንም ይጠብቅለታል።

የቀደመው የበዓል ብርሃንና ያልተጻፈው ደንቡ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ምድር የበዓል ብርሃን እንግዳ ነገር አይደለም። በነሐሴ ወር ለቡሄ ችቦ ይበራል፤ በመስከረም ወር ለመስቀል ደመራ ይደመራል። ለዚህ ደጋ የገበያ በር የሆነችው የደብረ ብርሃን ከተማ ስሟን እንኳ ያገኘችው በ15ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን ነው።

ይህ የቀደመው የበዓል ብርሃን በወረቀት ያልሰፈረ ደንብ አለው። ደመራው የሚተከለው በየሰው አጥር ሥር ሳይሆን ለአካባቢው ሕዝብ የጋራ በሆነ ገላጣ ስፍራ ነው። የሚለኮሰውም በታወቀ ቀን፣ ሕዝቡ በተሰበሰበበት፣ ካህናቱ ጸሎት ካደረሱ በኋላ ነው። እንግዲህ እሳቱ ስፍራ አለው፤ ጊዜ አለው፤ ዓይኑን የማይነቅልበት ጠባቂም አለው ማለት ነው። በማንኛውም አገር ስለ በዓል ብርሃን የወጣ ደንብ ቢመረመር የሚገኘው ከእነዚህ ከሦስቱ፣ ማለት ከስፍራ፣ ከጊዜና ከጠባቂ የራቀ አይደለም።

የጥንቃቄውም ምክንያት ግልጽ ነው። ደገኛው የቤቱን ግድግዳ በድንጋይ ቢሠራም ክዳኑን ለዘመናት ሲሠራ የኖረው በሣር ነው፤ በመንዝም ለክዳን የተመረጠው የጓሳ ሣር ነው። ዛሬ ቆርቆሮ እየበዛ ቢሄድም የሣር ክዳን ጨርሶ አልጠፋም። ገና በሚከበርበት በታኅሣሥ ማብቂያ ደግሞ አዝመራው ተሰብስቦ ክምሩና ጭዱ ከቤት አጠገብ የሚገኝበት፣ በሜዳውም ያለው ሣር የደረቀበት ወራት ነው። አንዲት ፍንጣሪ የዓመት ልፋትን ልታጠፋ የምትችለው በዚህ ጊዜ ነው።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ጌጥ ግን ከሦስቱ አንዱንም ይዞ አልመጣም። ስፍራው ገላጣ ሜዳ ሳይሆን ቤቱ ራሱ ነው፤ ጊዜው የአንድ ምሽት ሳይሆን ሳምንታት ነው፤ ጠባቂውም ቤተ ሰቡ ሲተኛ አብሮ ይተኛል። ደንብ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

የተጻፈው ሕግ ምን ይላል

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 የንብረት ባለቤት በመብቱ ሲሠራ ጎረቤቱን ማወክና መጉዳት እንደማይገባው ይደነግጋል። ጢስን፣ ጥላሸትን፣ መጥፎ ሽታን፣ ድምፅንና መነቃነቅንም ከመልካም ጉርብትና ልክ አሳልፎ እንዳይለቅ ይከለክላል። ብርሃን ከእነዚህ መካከል በስም አልተጠራም። ሆኖም የቁጥሩ መነሻ ጠቅላላ ስለ ሆነ፣ ሌሊቱን ሙሉ በጎረቤት መኝታ ቤት መስኮት ላይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ክርክር ቢያስነሣ ከዚህ ደንብ ፈጽሞ ውጭ ነው ለማለት ያስቸግራል።

በጋራ ሕንፃ ለሚኖሩ ሰዎች ደግሞ የጋራ መኖሪያ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 አለ። በዚህ አዋጅ መሠረት ቤቱ የግል ሲሆን የውጭው ግድግዳ፣ ደረጃውና ጣሪያው የሁሉም የጋራ ንብረት ነው፤ የነዋሪዎቹም ማኅበር የመተዳደሪያ ደንብ ያወጣል። ስለዚህ ከሰገነቱ ውጭ መብራት ሊዘረጋ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የማኅበሩን ደንብ መጠየቅ ይገባዋል።

የኤሌክትሪክ መስመርን በተመለከተ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጮች የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራቸው ያዝዛል፤ ዛሬም ይህን ሥራ የሚቆጣጠረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። ከቆጣሪ በፊት መስመር ቀጥሎ መብራት መሳብ፣ ለአንዲት የበዓል ሌሊት እንኳ ቢሆን፣ የሚያስጠይቅ ጥፋት ነው። በቸልተኝነት እሳት አስነሥቶ በሰው ወይም በንብረት ላይ ጉዳት ማድረስ ደግሞ በወንጀል ሕግ ያስቀጣል።

ሻጩም ከሕጉ ውጭ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ከጉድለት የነጻ ስለ መሆኑ ለገዢው ኃላፊ እንዲሆን ያደርጋል። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ለቤት ውስጥ የተሠራውን መብራት ለደጅ ይሆናል ብሎ የሸጠ ነጋዴ ዕቃው ዝናብ ሲነካው ቢበላሽ ወይም ቢያቃጥል፣ ስለ ዕቃው አላውቅም ብሎ በቀላሉ ነጻ ሊወጣ አይችልም።

ርችት ከመብራቱ ጋር በአንድ መደርደሪያ የሚቀመጥ የበዓል ሸቀጥ ቢሆንም ደንቡ እጅግ የጠበቀ ነው። በቅርብ ዓመታት የጸጥታ አካላት በበዓላት ዋዜማ ርችት መተኮስ የተከለከለ መሆኑን ደጋግመው አስታውቀዋል። ድምፁ ከተኩስ ጋር እየተመሳሰለ ሕዝብን የሚያሸብር በመሆኑ፣ ይህን ዕቃ አስቀድሞ ያከማቸ ነጋዴ ገንዘቡን በመጋዘን አሥሮ ሊቀር ይችላል።

የበዓል ዋዜማና የኃይሉ ድልድል

በየታላላቁ በዓል ዋዜማ ኃይል የሚያመነጨውና የሚያከፋፍለው መሥሪያ ቤት መካከለኛና ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች ለተወሰኑ ሰዓታት ከመስመር እንዲወጡ መጠየቁ የተለመደ ነው። ይህም የሚደረገው ቤተ ሰብ ሁሉ በአንድ ጊዜ ምጣዱንና ምድጃውን ስለሚያበራ ለመኖሪያ ቤቶች ኃይል እንዲበቃ ነው። ፋብሪካ ያለው ነጋዴ ይህን አውቆ ሥራውን አስቀድሞ ቢያሰናዳ፣ ባለ ሱቁም የማቀዝቀዣ ዕቃውን ቢያስብበት ከጉዳት ይድናል።

ብዙ ሰው የበዓል ጌጥ መብራት ኃይል ይጨርሳል ብሎ ያስባል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ሲሠራ የሚወስደው 3,500 ዋት ገደማ ነው። ኤል.ኢ.ዲ. የሚባለው አዲሱ ዓይነት መብራት መቶ አምፖል ያለው አንዱ ገመድ የሚወስደው ግን ከ10 ዋት የሚበልጥ አይደለም። እንግዲህ አንድ ምጣድ የሚበላው ኃይል 350 ያህል ገመዶችን ያበራል ማለት ነው። በጋለ ክር የሚበራው የቀድሞው ዓይነት ግን መቶው አምፖል 40 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ይሞቃልም። በሣር ክዳን ወይም በደረቀ የጥድ ቅርንጫፍ ላይ ሲዘረጋ የሚያሰጋው የእሱ ሙቀት ነው።

አደጋው ታዲያ ከየት ይመጣል ቢባል፣ ከመብራቱ ይልቅ ከማያያዣው ነው። በተለምዶ ዲቫይደር የሚባለው ማከፋፈያ ብዙውን ጊዜ የሚችለው 10 አምፔር፣ ማለት በ220 ቮልት 2,200 ዋት ነው። ምጣዱ ብቻውን 16 አምፔር ያህል ይስባል። በዋዜማው ምሽት ምጣዱ፣ ማሞቂያውና የጌጡ መብራት በአንድ ቀጭን ገመድ ላይ ሲሰኩ ገመዱ ይግላል፤ ልባሱ ይቀልጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው። የእሳት አደጋ መከላከያ ሠራተኞች በየበዓሉ ስለ ሻማ፣ ስለ ከሰልና ስለ ኤሌክትሪክ የሚሰጡት ማስጠንቀቂያ የሚመላለሰውም ከዚህ የተነሣ ነው።

የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም በአገሪቱ ላይ ተጨምሯል። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን በግድቡ የተመረተው ኃይል መብዛቱ በአንድ ጎጆ ውስጥ የተዘረጋውን ቀጭን ሽቦ አያወፍረውም።

ስለ ዕቃው ሊታወቅ የሚገባው

በመጀመሪያ የሚመረመረው ቮልቱ ነው። የኢትዮጵያ የቤት መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በአሜሪካ ያሉ ዘመዶች በሻንጣ የሚልኩት መብራት ግን ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። ባለ ክሩ ዓይነት ያለ መቀነሻ በ220 ቮልት ሲሰካ ከተወሰነለት ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚስብ ወዲያው ይቃጠላል። ስፒናው እንዲገጥም ብቻ መለወጫ የሚሸጥ ባለ ሱቅ ቮልቱን ሳይጠይቅ መሸጥ አይገባውም።

ሁለተኛው ለቤት ውስጥና ለደጅ የተሠራውን መለየት ነው። በሳጥኑ ላይ አይ.ፒ. ተብሎ ሁለት አሐዝ ይጻፋል። አይ.ፒ. 20 የተባለው ውኃ ስለማይከላከል ለቤት ውስጥ ብቻ ነው፤ አይ.ፒ. 44 የተባለው ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውኃን ይችላል። ቡሄና ዘመን መለወጫ በክረምት የሚውሉ ስለ ሆኑ፣ ደጋውም ጉምና ጤዛ የማያጣው በመሆኑ፣ ከሁለተኛው ያነሰ ዕቃ በመንዝ ደጅ ላይ ሊዘረጋ አይገባውም።

ሦስተኛው የጥራት ማስረጃ ነው። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በቁጥር 60598 ክፍል 2-20 ስለ መብራት ሰንሰለቶች የተለየ ደረጃ አውጥቷል። አስመጪው ከፋብሪካው ጋር ሲጻጻፍ ዕቃው በዚህ ቁጥር የተፈተነበትን ማስረጃ ቢጠይቅ የሚጨምርበት ወጪ ጥቂት ነው፤ የሚያተርፈው መተማመን ግን ብዙ ነው። ቮልቱን፣ ዋቱንና የአገልግሎቱን ስፍራ የሚገልጽ ወረቀት በአማርኛ አሳትሞ በየሳጥኑ ውስጥ ቢያኖር ደግሞ የመሐል ሜዳውና የራቤሉ ባለ ሱቅ ለገዢው የሚያነብለው ነገር ያገኛል።

መስመሩ ላልደረሰበት መንደር ነጋዴው ሌላ ምርጫ አለው። በትንሽ ባትሪ ወይም በፀሐይ ኃይል የሚበራ የጌጥ መብራት ቮልቱ ዝቅተኛ ስለ ሆነ ለሣር ቤት ይሻላል። ኩራዝና ሻማ ከማብራት ጋር ሲተያይ አደጋው እጅግ ያነሰ ነው።

ከሌላው ዓለም የሚገኝ ትምህርት

የበዓል ዛፍን በኤሌክትሪክ ማስጌጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1882 በኒው ዮርክ ነው። የኤዲሰን የሥራ ባልደረባ የነበረው ኤድዋርድ ጆንሰን 80 አምፖሎችን በቤቱ ባቆመው ዛፍ ላይ አበራ። ከመቶ ዓመት በኋላ ነገሩ የት እንደ ደረሰ የሚያሳየው በአርካንሶ ግዛት፣ በሊትል ሮክ ከተማ የሆነው ነው። ጄኒንግስ ኦዝቦርን የተባለ ባለጸጋ በየዓመቱ እየጨመረ ቤቱን ሦስት ሚሊዮን ያህል አምፖሎች አለበሰው። ተመልካቹ በመኪና እየጎረፈ መንገዱ ስለ ተዘጋ ጎረቤቶቹ ከሰሱት፤ የግዛቲቱም ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 ለጎረቤቶቹ ፈረደ። መብራቱ በኋላ በፍሎሪዳ ወዳለው የዲዝኒ መዝናኛ ስፍራ ተዛወረ። የተፈረደበት ብርሃኑ አስቀያሚ ስለ ሆነ አልነበረም፤ ለመኖሪያ ሰፈር ስፍራው ስላልነበረ ነው።

ከጊዜ አንጻር ደግሞ በዚያው በአሜሪካ ያሉ የቤት ባለቤቶች ማኅበራት መብራቱ የሚሰቀልበትንና የሚወርድበትን ቀን በደንባቸው ይወስናሉ። በዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ገናን የሚያከብሩት በፈረንጆቹ ጥር 7 ቀን በመሆኑ ሌላው መብራቱን ሲያወርድ የእነርሱ በዓል ገና ይጀምራል። የማኅበሩን ደንብ አስቀድሞ አንብቦ ስለ በዓሉ ቀን ለማኅበሩ በጽሑፍ ማስረዳት ከቅጣት ያድናል።

ለነጋዴ ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት የሕንድ አገሩ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 9 ቀን 2017 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በደልሂና በአካባቢዋ ርችት እንዳይሸጥ አዘዘ። የዲዋሊ በዓል የሚውለው ከዐሥር ቀን በኋላ ነበር። ነጋዴዎቹ ዕቃውን አስቀድመው ገዝተው ስለ ነበር ትእዛዙ እንዲሻሻልላቸው አመለከቱ፤ ፍርድ ቤቱ ግን አልተቀበላቸውም። የትእዛዙ ዓላማ የሕዝቡን አየር መጠበቅ ስለ ነበር ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ሆኖም ዘግይቶ የመጣ ደንብ ጥሩም ቢሆን ጉዳቱን በነጋዴው ላይ ጥሎ ያልፋል።

በአዲስ አበባም በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት በየመንገዱ ዳር ያሉ የሕንፃ ባለቤቶች የሕንፃቸውን ፊት እንዲያድሱና በመብራት እንዲያሳምሩ ተደርጓል። ይህ የበዓል ጌጥን የሚመለከት ባይሆንም፣ የሕንፃ መብራት የባለቤቱ ምርጫ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የከተማ አስተዳደር ጉዳይ ወደ መሆን መሸጋገሩን ያሳያል። እንዲህ ያለው አሠራር ወደ ሌሎች ከተሞች እየተስፋፋ ስለ ሆነ የደጋውም ነጋዴ ከወዲሁ ቢያስብበት መልካም ነው።

ደንብ ከየት ይጀምራል

የመንዝ ሕዝብ ደንብ ማውጣትን ከሌላ የሚማር አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍታ የሚጀምረው የጓሳ ምድር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የአስቦና የጌራ ተወላጆች በመረጧቸው አለቆች ሲጠበቅ ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ይከለላል፤ ሲደርስ ይከፈታል፤ የሚከፈትበትም ጊዜ ለሁሉ ይነገራል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያ ሥርዓት ቢፈርስም ሕዝቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መልሶ አቋቁሟል። ያ ደንብ ለዘመናት የጸናው ጥቂት፣ ግልጽና አስቀድሞ የተነገረ ስለ ነበረ ነው።

የበዓል መብራት ደንብም በዚሁ መልክ ቢሠራ ይበጃል። ማዘጋጃ ቤቶች ከነጋዴዎችና ከመብራት አገልግሎት ጋር ተማክረው ሦስቱን ነገሮች ብቻ ቢወስኑ ይበቃል፤ በሣር ክዳንና በክምር አጠገብ እንዳይዘረጋ፣ ቤተ ሰብ ሲተኛ እንዲጠፋ፣ ለደጅ ያልተሠራ ዕቃ ለደጅ ተብሎ እንዳይሸጥ። አስመጪው ዕቃውን የሚያዝዘው ከበዓሉ ወራት አስቀድሞ ስለ ሆነ ደንቡም መነገር ያለበት በዋዜማው ሳይሆን ከትእዛዙ በፊት ነው።

ይህ እስኪሆን ድረስ ግን የመጀመሪያው የደንብ አስከባሪ ባለ ሱቁ ነው። ገዢው የመብራቱን ገመድ አንሥቶ ዋጋውን ሲጠይቅ ባለ ሱቁም በበኩሉ ሦስት ጥያቄ ይጠይቀው። የቤቱ ክዳን ምንድን ነው? የሚሰካው ከምጣዱ ጋር ነው ወይስ ለብቻው? ማታስ የሚያጠፋው ማን ነው? ይህን ለመጠየቅ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ወጪም የለበትም። መልሱ የማያስተማምን የሆነ እንደ ሆነ ባለ ባትሪውን ማሳየት፣ እሱም ከሌለ ሽያጩን መተው ይሻላል። ቤቱ የተቃጠለበት ደንበኛ በሚቀጥለው በዓል ሊገዛ አይመለስምና።